አይስ ሆኪን ከአንድ ተከላካይ ተማርኩ፦ የሞሪትስ ዛይደር ጉዞና የእኔ ማስታወሻ

ለአይስ ሆኪ አዲስ የሆነ ሰው ፓኩን ሲያሳድድ ዓይኑ ይደክማል። ፓኩ ስፋቱ 7.62፣ ውፍረቱ 2.54 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ጎማ ነው። እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ይቀዘቅዛል፤ ጥሩ መቺ ሲያገኘው በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። እሱን እከተላለሁ ያለ ሰው ግብ መቆጠሩን የሚያውቀው ሕዝቡ ሲጮኽ ነው። እኔ ፓኩን ተውኩት። አንድ ተከላካይ መረጥኩና ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ዓይኔን ከእሱ ላለመንቀል ወሰንኩ። ጨዋታው የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው፤ በኋላም የበረዶ ጫማ አጥልቄ ራሴ ተከላካይ ሆኜ እስከ መጫወት ያደረሰኝ ይኸው ልማድ ነው።

የመረጥኩት ተከላካይ ሞሪትስ ዛይደር ይባላል። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ 53 ቁጥር ለብሶ ይጫወታል። እኔ ያየሁት ግን እዚሁ ማንሃይም፣ ገና ጢሙ ሳያበቅል ነው። ጉዞውን ከመጀመሪያው ስለተከተልኩት፣ አንድ ጀርመናዊ ተከላካይ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ማየት ቻልኩ። ያየሁትንና ወደ ራሴ ጨዋታ የወሰድኩትን እዚህ እጽፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማንሃይም የራይንና የኔካር ወንዞች የሚገናኙባት የሠራተኛ ከተማ ናት። በሌላው የጀርመን ከተማ ቅዳሜ ሲመጣ ወሬው እግር ኳስ ነው፤ እዚህ ግን የከተማው ልብ ያለው አድለር ማንሃይም ዘንድ ነው። ቡድኑ ከ2005 ጀምሮ የሚጫወተው 13,600 ያህል ተመልካች በሚይዘው ሳፕ አሬና ነው። እኔ የምሠራው በፈረቃ መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ ወደ አዳራሹ የወሰደኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቆመው የሚያዩበት፣ ዋጋውም ቀለል ያለው ቦታ ከግቡ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ከጎን መቀመጥን ይመርጣል፤ ተከላካይን ለማጥናት ግን ከግቡ ጀርባ ከፍ ብሎ መቆምን የሚያህል የለም። ከዚያ ሆኖ በተከላካዩና በአጥቂው መካከል ያለው ርቀት፣ አጥቂው በየትኛው በኩል እየተገፋ እንደሆነ፣ ጓደኛው የት እንደቆመ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል።

የጨዋታውን አደረጃጀት በአጭሩ ልበል። ከግብ ጠባቂው ሌላ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚኖሩት አምስት ናቸው፤ ሦስት አጥቂና ሁለት ተከላካይ። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሆነ ሦስት ክፍል አለው። ተጫዋቾች ሳይቆም እየተቀያየሩ ይገባሉ፤ አንድ ተራ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በላይ እግር አይሸከምም። አብሮን ያደገውን የገና ጨዋታ አስቡት፦ ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ወገን፣ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት። በእሱ ላይ ግድግዳ ያለው ሜዳና ከእግር በታች ስለት ሲጨመርበት አይስ ሆኪ ይሆናል። አገር ቤት ገና የተጫወተ ሰው ዱላውን ሲይዝ እጁ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚከብደው እግሩ ላይ ያለው ነው።

ማስታወሻ ደብተር ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የምጽፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ተጋጣሚ ማጥቃት ሲጀምር ዛይደር የት ነበር፣ አጥቂውን ወደየት በኩል ገፋው፣ ፓኩን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው። የግብ ቁጥር አልጽፍም፣ ማን አገባ አልልም። ለማንኛውም ጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ የልጁ ጨዋታ ከእነዚህ ከሦስቱ መልሶች ተነስቶ መልክ ያዘልኝ።

ዛይደር የተወለደው በ2001 በሞዘል ወንዝ ዳር ባለችው ሴል ከተማ ነው፤ በረዶ ላይ የወጣው ግን ኤርፈርት ውስጥ ነው። ታዳጊ ሳለ ወደ ማንሃይም መጥቶ ዩንግአድለር የሚባለውን የወጣቶች ቡድን ተቀላቀለ። ኋላ ኤንኤችኤል የደረሱት ሌዎን ድራይዛይትልና ቲም ሽቱትስለም ያለፉት በዚሁ ቤት ነው፤ ስለዚህ ልጁ ያደገው ትልቅ ደረጃ መድረስ እንደሚቻል በዓይን በሚታይበት ቦታ ነበር። በ2017-18 የውድድር ዘመን፣ በ16 ዓመቱ፣ በጀርመን ከፍተኛ ሊግ በዲኢኤል ለአራት ጨዋታ ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት በመደበኛው ውድድር 29 ጨዋታ ተጫውቶ 2 ግብ አገባ፣ 4 አመቻቸ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አይገረምም። በዚያው ዓመት ግን ማንሃይም በመጨረሻው የተከታታይ ጨዋታዎች ፍልሚያ ሙኒክን በጨዋታ ብዛት 4ለ1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዛይደርም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ደብተሬ ውስጥ ያለውን ላየ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው።

ደብተሩ ምን ይላል? ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተጻፈው ርቀት ነው። አጥቂ ፓኩን ይዞ እየበረረ ሲመጣ ተከላካዩ ፊቱን ለእሱ ሰጥቶ ወደኋላ ይንሸራተታል። በጣም ከራቀ አጥቂው እንደልቡ ይመታል፤ በጣም ከቀረበ በአንድ የአቅጣጫ ቅያሪ ያልፈዋል። ዛይደር በዚያ ዕድሜው ከዱላ ርዝመት ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ጠብቆ ይመጣና፣ ልክ የመከላከያው ክልል የሚጀምርበት ሰማያዊው መስመር ላይ ሲደርሱ ይዘጋዋል። መስመሩ ላይ የሚዘጋበት ምክንያት አለው፦ አጥቂው ጓደኞቹ ከፓኩ ቀድመው ወደ ክልሉ እንዳይገቡ ስለሚጠነቀቅ፣ እዚያ ቦታ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ዱላውን በአንድ እጁ ፊት ለፊት ዘርግቶ መሃሉን ይዘጋል፣ አጥቂውን ወደ ግድግዳው ይመራል። ግድግዳው ሁለተኛ ተከላካይ ይሆንለታል ማለት ነው። ዓይኑ ፓኩ ላይ አያርፍም፤ የአጥቂው ደረት ላይ ነው። እጅና ፓክ ያታልላሉ፣ ደረት ግን ሰውየው የሚሄድበትን አስቀድሞ ይናገራል።

ይህን ማየት አንድ ነገር ነው፤ በራስ እግር ማድረግ ሌላ። ሄርትሶገንሪድ የሚባለው የማንሃይም የበረዶ ማዕከል ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እየሄድኩ መንሸራተት ተማርኩ። ሰው ሁሉ ወደፊት መሄድን ይለማመዳል፤ እኔ ወደፊት ሄጄ መቆም እንደቻልኩ ወደኋላ መሄድን ያዝኩ። ጉልበት መታጠፍ አለበት፣ መቀመጫ ዝቅ፣ ራስ ቀና። እግር ከበረዶው ሳይነሳ በስለቱ ግማሽ ክብ እየቆረጠ ይገፋል፤ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ። ከዚያ የሚመጣው መዞር ነው፤ ወደፊት እየበረሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ዳሌን አዙሮ ወደኋላ መሆን። የተከላካይ ሙያ ግማሹ ይህ መዞር ነው ብል አላጋነንኩም። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መዞር እስኪቻል ድረስ ዱላ ባይያዝ ይሻላል። ዱላ የያዘ ሰው ይደገፍበታል፤ የተደገፈ እግር ደግሞ አይማርም።

በኋላ የሥራ ባልደረባዬ የሚጫወትበት የአዋቂዎች የመዝናኛ ቡድን ተቀበለኝ። ልምምዱ ማታ፣ አዳራሹ ከልጆችና ከክለቦች ነፃ ሲሆን ነው። የቡድኑ አለቃ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ወጣትነታቸውን በሙሉ ተከላካይ ሆነው ያሳለፉ። የመጀመሪያ ምሽት ያሉኝን አልረሳም፦ «ፓኩ ጋ ከመድረስህ በፊት ሁለት ጊዜ ወደኋላህ እይ።» ቤት ገብቼ የዛይደርን ጨዋታ ስመለከት ይኸው ነው። ፓኩ ከግባቸው ጀርባ ወዳለው ጥግ ሲላክና እሱ ሊያመጣው ሲሄድ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ትከሻው ላይ አንገቱን ያዞራል። ፓኩን ሲነካ የሚያደርገውን አስቀድሞ ወስኗል፦ ከግቡ ጀርባ ላለው ጓደኛው፣ በግድግዳው በኩል ለክንፍ አጥቂው፣ በመሃል ለመሃል አጥቂው፣ ወይም ራሱ ይዞ ይወጣል። ከነካ በኋላ የሚያስብ ተከላካይ ግድግዳ ላይ ይደቆሳል።

ሰኔ 2019 ቫንኩቨር ውስጥ የኤንኤችኤል ድራፍት ተካሄደ። ድራፍት ማለት ክለቦች በተራ በተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ብዙ ተንታኞች ዛይደር ከመጀመሪያዎቹ አሥር በኋላ ይመረጣል ብለው ሲጠብቁ፣ የዲትሮይቱ ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ አይዘርማን በ6ኛ ተራ ስሙን አስጠሩ። የልጁ ፊት በድንጋጤና በደስታ መካከል ሲቀር የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞሯል። እዚህ ማንሃይም ከግቡ ጀርባ የምንቆም ሰዎች ግን አልደነገጥንም፤ በጣም ደስ አለን።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉዞው ክፍል ከሁሉ የበለጠ የሚመስጠኝ ነው። በ6ኛ ደረጃ የተመረጠ ልጅ ወዲያው ትልቁ ሊግ ላይ ብቅ ማለት ያምረዋል። ዛይደር ግን መጀመሪያ የወረደው የዲትሮይት ተጠባባቂ ቡድን ወደሆነው ግራንድ ራፒድስ ግሪፊንስ ነው፤ በ2019-20 በ49 ጨዋታ 2 ግብና 20 ማመቻቸት። ይህ ሊግ ኤኤችኤል ይባላል፤ የአውቶቡስ ጉዞው ብዙ፣ አጥቂዎቹ ረሃብተኛ፣ ሜዳው ጠባብ ነው። በአውሮፓ የተለመደው ሜዳ 60 ሜትር በ30 ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አራት ሜትር ለተከላካይ ብዙ ነገር ይለውጣል። ግድግዳው ይቀርባል፣ ስለዚህ አጥቂን ወደ ጥግ መምራት ይቀልላል፤ ነገር ግን የሚያጠቃህም ሰው በዚያው ልክ ይቀርብሃል፣ ፓኩን ይዘህ የምታስብበት ጊዜ ያንሳል። የ18 ዓመት ልጅ ይህን የተማረው ብዙ ሰው በማያየው አዳራሽ ነው።

ወረርሽኙ መጣና ውድድሩ መጋቢት 2020 ላይ ተቋረጠ። ለቀጣዩ ዓመት በውሰት ወደ ማንሃይም ሊመለስ ነበር፤ የጀርመን ሊግ መጀመሪያ ሲዘገይ ግን ወደ ስዊድን ሄደ፣ ኤንግልሆልም ከተማ ወዳለው ሮግለ። እዚያ 41 ጨዋታ ተጫውቶ 7 ግብ አገባ፣ 21 አመቻቸ፤ ቡድኑ እስከ መጨረሻው ፍልሚያ ደረሰ፤ እሱም የስዊድን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ20 ዓመቱ። ስዊድን ተከላካይ የምታመርት አገር ናት፤ ዲትሮይት ውስጥ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ኒክላስ ሊድስትሮምም ከዚያ ነው የመጣው። በእነሱ ሊግ፣ በእነሱ ቦታ አንደኛ መባል ከየትኛውም ዋንጫ አያንስም። በዚያው ዓመት፣ በ2021 ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ሪጋ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጀርመን አራተኛ ስትወጣ የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ ዛይደር ነበር።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሰው ለመጫወት የሚችልበትን ቦታ መምረጥ እንዳለበት ነው። ትልቅ ስም ያለው ቡድን ወንበር ላይ ከመቀመጥ፣ ዝቅ ባለው ቦታ በየምሽቱ ሃያ ደቂቃ መጫወት ተከላካይን ይሠራል። አጥቂ በደመ ነፍስ ሊያገባ ይችላል፤ ተከላካይ ግን የሚያየውን የሚያውቀው ስላየው ነው፣ ደጋግሞ። በመዝናኛ ቡድናችን ሁለት ምድብ አለ፤ ጠንካራው ምድብ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ከመግባት፣ ደካማው ውስጥ ሙሉ ጨዋታ መሰለፍን መረጥኩ። በአንድ ክረምት እግሬም ዓይኔም የተለወጠው በዚህ ነው።

ጥቅምት 2021 ዛይደር ለዲትሮይት የመጀመሪያ ጨዋታውን ከታምፓ ቤይ ጋር አደረገ። ኅዳር 6 ቀን የመጀመሪያ ግቡን ቡፋሎ ላይ በተጨማሪ ሰዓት አገባ፤ የመጀመሪያ ግቡ የጨዋታው አሸናፊ ግብም ሆነ። ዓመቱን በሙሉ፣ 82 ጨዋታ ሳያጎድል፣ በ7 ግብና በ43 ማመቻቸት 50 ነጥብ ሰበሰበ፤ የካልደር ሽልማትንም ወሰደ። ካልደር ለሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሚሰጥ ሲሆን፣ ጀርመናዊ ሲያገኘው የመጀመሪያው ነው። ለዲትሮይት ደግሞ ከ1965ቱ ከሮጀር ክሮዝየር በኋላ የመጀመሪያው ሆነ።

ጨዋታዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ናቸው፤ ዲትሮይት ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ጀርመን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። እኔ ውጤቱን ሳልሰማ ጠዋት ከፈረቃዬ በፊት የተቀዳውን አያለሁ። የተቀዳ ጨዋታ ጥቅም አለው፦ አንድን ተራ አስቁሞ፣ መልሶ፣ እንደገና ማየት ይቻላል። ግብ የገባበትን ቦታ ሳይሆን ግቡ ሊገባ ሲል የከሸፈበትን ቦታ ነው የምመልሰው። የተከላካይ ሥራ የሚገኘው ሳይሆን በቀረ ነገር ውስጥ ነው፤ ያልተሰጠ ማቀበል፣ ያልተመታ ምት፣ ወደ መሃል ሊገባ ሲል ሐሳቡን የለወጠ አጥቂ።

በሁለተኛው ዓመት ነጥቡ ወደ 42 ወረደ። ብዙ ሰው «ቀዘቀዘ» አለ። እኔ አልስማማም። ደብተሬ የሚለው ሌላ ነው፦ ተጋጣሚ ምርጥ አጥቂዎቹን ባስገባ ቁጥር አሠልጣኙ የሚልኩት እሱን ነው። ዲትሮይት ደግሞ በመታደስ ላይ ያለ ቡድን ነበር፤ ከ2017 እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ ለጥሎ ማለፉ አልደረሰም። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ በየምሽቱ የሌላውን ምርጥ የሚገጥም የ21 ዓመት ተከላካይ በነጥብ አይመዘንም። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት አንድም መደበኛ ጨዋታ አለማጉደሉ ለእኔ ከካልደሩ ይበልጣል። በሰውነቱ ፓክ እያቆመ፣ በትከሻ እየተጋጨ 82 ጨዋታ መጫወት፣ ያውም በተከታታይ ዓመታት፣ የሰውነት እንክብካቤና የአእምሮ ጥንካሬ ውጤት ነው። ክለቡም ይህን አይቶ መስከረም 2024 ላይ ለሰባት ዓመት በጠቅላላው 59.85 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞታል።

ስለ ትከሻ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእሱ ልዩ መታወቂያ ስለሆነ። አጥቂ ከኋላ ወይም ከጎን ሊገጨው ሲመጣ፣ ዛይደር ሊሸሽ አይሞክርም። ፓኩን በሰውነቱ ይሸፍንና በመጨረሻዋ ቅጽበት ዝቅ ብሎ ትከሻውንና ዳሌውን ወደ መጪው ሰው ይገፋል፤ ሊገጭ የመጣው በጀርባው ይወድቃል፣ ዛይደር ፓኩን ይዞ ይሄዳል። 193 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንደሚያግዘው የታወቀ ነው፤ ሥሩ ግን ያው ቅድም ያልኩት አንገት ማዞር ነው። መጪውን አስቀድሞ ያላየ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። በእኛ የመዝናኛ ጨዋታ ሆን ብሎ መገጨት የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም ፓኩን በሰውነት ሸፍኖ፣ ዝቅ ብሎ መቆምን ከዚያ ተምሬያለሁ፤ ከእኔ የሚከብዱ ሰዎች እንኳ በቀላሉ አይነጥቁኝም።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ጥንድነት ነው። ተከላካይ ለብቻው አይኖርም። ዛይደር ዲትሮይት ውስጥ ከዳኒ ዲካይዘር ጋር ጀመረ፣ ቀጥሎ ከጄክ ዎልማን ጋር ተጣመረ፣ በኋላም ከስዊድናዊው ሲሞን ኤድቪንሰን ጋር። ሰዎቹ አይመሳሰሉም። ዎልማን ወደፊት መውጣት ሲወድ፣ ዛይደር ወደኋላ ይቀር ነበር፤ ኤድቪንሰን ረጅምና ፓክ ይዞ መሸሽ የሚችል በመሆኑ ደግሞ የማውጣት ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ይህን ካየሁ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ከጨዋታ በፊት መነጋገር ጀመርኩ፦ ማን ይወጣል፣ ማን ይቀራል፣ ፓኩ ከግቡ ጀርባ ሲሆን ማን ግቡ ፊት ይቆማል። ሜዳ ላይም ድምፅ አይቋረጥም። ፓክ ሊያመጣ ወደ ጥግ የሄደ ሰው ጀርባው ለሜዳው ስለሆነ ዓይኑ ጓደኛው ነው፤ «ጊዜ አለህ!» ወይም «ከኋላህ ሰው!» የሚል አንድ ቃል ጥርስን ያድናል። ዝምተኛ ተከላካይ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ግማሽ ተከላካይ ነው።

ዛይደር ከባዶ አልመጣም፤ መንገዱን የጠረጉ አሉ። ኮሎኝ የተወለደው ኡቨ ክሩፕ በ1983 በቡፋሎ ሲመረጥ 214ኛ ነበር፤ ያኔ ጀርመናዊ ተከላካይ ትልቁ ሊግ ይደርሳል ብሎ የሚያስብ እምብዛም አልነበረም። ሰኔ 1996 ማያሚ ላይ ኮሎራዶ ከፍሎሪዳ ጋር ያደረገው የፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ያለ ግብ ሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት ውስጥ ሲገባ፣ ከሰማያዊው መስመር መትቶ 1ለ0 የጨረሰው ክሩፕ ነው። በዚያች ምት ኮሎራዶ የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ፤ ክሩፕም ዋንጫውን ያነሳ የመጀመሪያው ጀርመናዊ ሆነ። ከእሱ በኋላ ዴኒስ ዛይደንበርግ በ2011 ከቦስተን ጋር ዋንጫ ወሰደ። ከ214ኛ እስከ 6ኛ ያለው ርቀት የጀርመን አይስ ሆኪ በ36 ዓመት ውስጥ የሄደበት መንገድ ነው።

ሌላ ዓይነት ጉዞም አለ፤ ብዙ ሰው አያወራለትም። ሞሪትስ ሙለር ፍራንክፈርት የተወለደ ተከላካይ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ለኮሎኙ ሃየ ተጫውቶ አምበል ሆኗል። አሜሪካ አልሄደም። ሆኖም በ2018 ፕዮንግቻንግ ላይ ጀርመን የኦሊምፒክ ብር ስታገኝ ነበረ፣ በ2023 ደግሞ አምበል ሆኖ የዓለም ሻምፒዮና ብር አነሳ፤ ጀርመን በዓለም ሻምፒዮና ከ1953 በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ዛይደርም ነበር፤ አሜሪካን በግማሽ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት 4ለ3 አሸንፈው በፍጻሜው በካናዳ 5ለ2 ተረቱ። ሁለቱን ሞሪትሶች አንድ ቡድን ውስጥ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር፤ አንዱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሌላው ሦስት አገር ዞሮ፣ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

የማንሃይምና የሉድቪክስሃፈን አበሾች በበዓል ስንገናኝ ስለዚህ ጨዋታ ማውራቴን ያውቃሉ። አንዲት እናት በቅርቡ ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፣ ልጄ በረዶ ላይ ካልወጣሁ ብሎ አስቸገረኝ። ውድ ነው አይደል? ጥርሱንስ?» ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ዕቃው ይበዛል፦ የራስ ቁር ከፊት መከላከያው ጋር፣ የትከሻ፣ የክርን፣ የእግር መከላከያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ቁምጣ፣ ጫማ፣ ዱላ። ለልጆች ግን ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ግዴታ ነው፣ ትንንሾቹም እርስ በርስ እንዲጋጩ አይፈቀድም። ዕቃውን ሁሉ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ልጆች በየዓመቱ ስለሚያድጉ ወላጆች ያለፈውን ይሸጣሉ፣ ብዙ ክለቦችም ለጀማሪ ያውሳሉ። አዲስና ልክ የሆነ መሆን ያለበት የራስ ቁሩ ነው፤ ጫማው አሮጌ ቢሆንም ቁርጭምጭሚቱን ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት። ይህን ነገርኳትና፣ ክለቡ ለትንንሾች የሚያዘጋጀውን የመንሸራተት ትምህርት ቀን ጻፍኩላት።

«ተከላካይ እንዲሆን አድርገው» አለችኝ ስንለያይ። መጀመሪያ ወደኋላ መሄድ እንዲማር አደርጋለሁ አልኳት፤ ቦታውን አሠልጣኙ ይመርጥለታል።